ባንክ መርዶ የተረዳች ዕለት

በሰባት ዓመቴ ባንክ ስታለቅስ አይቻለሁ። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው «እማዬ ደግሞ ጀመራት» በሚል ዓይን ይተያያሉ። እኔ ግን አይቻለሁ። ያለቀሰችውም ለአያቴ ነው፤ ቢያንስ አምስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነበር የማውቀው።

አያቴ ሙሀመድሁሴን ከወሎ መጥቶ አቃቂ የከተመ ጋሪ ነጂ ነበር። አባባ እለው ነበር። ከገበያው እስከ ፋብሪካው፣ ከፋብሪካው እስከ ቃሊቲ፣ ዳማ በሚባለው ፈረሱ ያላመላለሰው ዕቃ የለም። ከልቤ እወደው ነበር፤ አንድ ነገሩ ብቻ ያንገበግበኝ ነበር። ሁለት ሚስት ነበረው። አንደኛዋ አያቴ ኡምሀኒ ናት፤ እማማ የምላት። ሁለተኛዋ ባንክ ትባላለች።

ያለ ማስረጃ አይደለም የምናገረው። አባባ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ወደ እሷ ይሄዳል። ዝግጅቱ የሚጀምረው ግን ከዋዜማው፣ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ነው። የጋሪውን ግራሶ በሎሚና በአሸዋ ፈትጎ ከእጁ ያስለቅቃል። ከዚያ የግራ አውራ ጣቱን ቅቤ ይቀባና በንጹሕ ጨርቅ ይጠቀልለዋል። ከዚያ ወዲያ ልጓም አይጨብጥም፣ ገመድ አይስብም። ጣቱን እንደ ጨቅላ ልጅ ታቅፎ ቁጭ ይላል። ቅዳሜ ጠዋት ይላጫል፣ ነጭ ቆቡን ይደፋል፣ ዘመድ ከሐጅ ካመጣለት ትንሽ የሽቶ ብልቃጥ አንድ ጠብታ አንገቱ ላይ ያደርጋል።

«ለእኔ ሠርግ እንኳ እንዲህ አልታጠበም!» ትላለች እማማ በሩን ተደግፋ። «ሂድ በል፣ ሁለተኛዋ ሚስትህ እንዳትቆጣ።»

«እሷስ ቁጡ ናት» ይላል አባባ እየሳቀ። «የቆሸሸ ጣት አትወድም።»

እኩለ ቀን ላይ ሲመለስ አውራ ጣቱ ወይን ጠጅ ቀለም ሆኖ ይመጣል። ሠፈራችን ውስጥ እንሶስላ የሚሞቁት ሴቶች ነበሩ። ይቺ ግን ባሏን ነው የምታስሞቀው። የሀብታም እንሶስላ መሆን አለበት እያልኩ እበሳጭ ነበር። እማማ እንዴት ትስቃለች? እኔ ብሆን ጣቱን በእንዶድ አጥቤ ቤት እቆልፍበት ነበር።

አባባ ፊደል እንዳልቆጠረ ያወቅኩት ኋላ ነው። ባንኩ በፊርማ ፋንታ አውራ ጣቱን ቀለም ያስነካዋል። አንድ ጊዜ ገመድና ልጓም የጣቱን መስመር አጥፍተውት አሻራው አልወጣ ብሎ፣ ቀኑን ሙሉ ሲደክም ውሎ ባዶ እጁን ተመልሷል። የቅቤው ሥርዓት የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። እንደ እሱ ላለ ደንበኛ ደግሞ ማንነቱ እንዲታወቅ ደብተሩ ላይ ፎቶ ይለጠፍለታል። አባባ በዕድሜው የተነሳው ፎቶ ያ ብቻ ነበር። ሳሪስ ፎቶ ቤት የሄደ ዕለት የሚረባ ኮት ስላልነበረው ከጎረቤታችን ከጋሽ ገብረጻድቅ ተውሶ ለበሰ። ጋሽ ገብረጻድቅ የባቡር ጡረተኛ ናቸው። ጋሪ ነጂው አያቴም የነሐስ ቁልፍ የተደረደረበት የባቡር ዩኒፎርም ለብሶ፣ የጣቢያ አለቃ መስሎ ደብተሩ ላይ ቁጭ አለ።

በ1978 ጥር ወር ላይ አባባ ሦስት ቀን ታሞ ሞተ። ግቢያችን በሰው ተሞላ። እማማ ደረቷን ይዛ «ወንድሜ፣ ወንድሜ» እያለች አለቀሰች። ባሏ ሆኖ ሳለ ወንድሜ ማለቷ ገርሞኝ እናቴን ብጠይቃት «ሴት ለባሏ ስታለቅስ እንደዚያ ነው የምትል፤ ዝም በይ» አለችኝ። ዳማ ከጋሪው ተፈቶ ደጅ ቆሟል፤ የሚያወራው ሰው አጥቶ የሚጠብቅ ይመስላል። እሱን ሳይ ነው እኔም ያለቀስኩት።

በሳምንቱ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ በቀለ ደብዳቤ ይዞ መጣ።

«እትዬ ኡምሀኒ፣ ባንኩ መሞታቸውን ማወቅ አለበት። ሦስት ሽማግሌ ለምስክርነት ይሂድና ያሳውቅ። ደብተሩንም ይመልሱ።»

«ደብተሩን ይወስዱታል?» አለች እማማ።

«እንዴታ። የመንግሥት ንብረት ነው።»

«ፎቶውስ?»

«የተለጠፈ ነገር አብሮ ይሄዳል እንጂ ምን ይሆናል?»

እማማ ለቅሶውን ሁሉ ችላ፣ ለዚህ ነገር ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ቤቷን ትጠብቃለች፤ ዒዳ ይባላል። ሄዳ ልትለምን አትችልም። ጓድ በቀለ እንደወጣ እኔን ጠራችኝ።

«ላጢፋ፣ ከእናትሽ ጋር ትሄጃለሽ። ብሩን እንዳሻቸው ያድርጉት። አንቺ ግን የአባባን ፊት አምጪልኝ። ዓይኔ እየደከመ ነው። መልኩ ከጠፋብኝ ምን ቀረኝ?»

«ወላሂ አመጣልሻለሁ» አልኩ። ጉዳዩ በደንብ ገብቶኝ ነበር። ሁለተኛዋ ሚስት እንሶስላዋ አልበቃ ብሏት የአባባን ፊትም ልታስቀር ነው።

እናቴ ሰዓደት ደብዳቤውን ወስዳ ለመስጠት ብቻ ነበር ያሰበችው። አባቴ በከባድ መኪና አሰብ መንገድ ላይ ነው፤ እሷም ከፋብሪካ የለቅሶ ፈቃዷ እያለቀ ነው። ግን ነገሩ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ገብረጻድቅ ጆሮ ገባ። ጋሽ ገብረጻድቅ በአቃቂ ምድር አቻ የሌላቸው መርዶ ነጋሪ ነበሩ። ክርስቲያን ሆነ እስላም፣ የሩቅ ዘመድ የሞተበት ሰው ቤት ጎህ ሲቀድ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። «መርዶ እንደ ባቡር ነው» ይላሉ። «ፍሬኑን ከሩቅ ካልያዝከው ሰው ላይ ይወጣል።»

«ጋሼ፣ ባንክ እኮ ነው» አለች እናቴ። «ወረቀቱን መስጠት ነው።»

«ለማን ነው የምንሰጠው? ለግድግዳው? አቻምየለሽ ለምትባለው ልጅ አይደለም? ስምንት ዓመት ሙሉ ጣቱን ይዛ ያስፈረመች ልጅ! እሷን በድንገት ‹ሞቷል፣ ተቀበይ› ልበላት? እኔ ገብረጻድቅ ቆሜ?»

እኔ ደግሞ ባንክ አቻምየለሽ የሚባል ሌላ ስም እንዳላት ያን ዕለት አወቅኩ።

መርዶ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ አይነገርምና ጎህ ሲቀድ ወጣን። ጋሪውን የያዙት ኦቦ ዱሬሳ ናቸው፤ የአባባ የገበያ ባልደረባ። ሦስተኛው ምስክር የአገራችን ልጅ አያ ደርዊሽ ነው። አያ ደርዊሽ ዕንባው ቅርብ የሆነ ሰው ነው፤ ጋሽ ገብረጻድቅ መንገዱን ሙሉ «እኔ ሳልጨርስ ብታለቅስ ከእድር እሰርዝሃለሁ» እያሉ አስጠነቀቁት። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፣ እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ዳማ ግን ማንም ሳይነግረው ጆሮውን አቁሞ እየሮጠ ወሰደንና ባንኩ ደጃፍ ላይ ቀጥ አለ። ቅዳሜ መስሎት ነው።

ባንኩ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ነው። እኛ የደረስነው ለአንድ ሩብ ጉዳይ። ዘበኛው ጠመንጃውን አንግቶ መጣና ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ተመለከተ።

«ማንን ፈልጋችሁ ነው?»

«አቻምየለሽን» አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«በደኅና ነው?»

«ስትመጣ ለራሷ እንነግራታለን።»

ዘበኛው ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቀንም። የሚቀመጡበት ድንጋይ ብቻ በእጁ ጠርጎ ሰጣቸው።

ልጅ ነበርኩና የገረመኝ ጨዋነቱ ነው። ያኔ ያላወቅኩት፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱም ያላወቀው፣ ግን ባንኩ ውስጥ ከሥራ አስኪያጁ እስከ ዘበኛው ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነበር። አቻምየለሽ እናትና አባቷ ሞተውባት እጁን ይዛ ያሳደገችው አንድ ወንድም አላት። ተሰማ ይባላል። በብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሰሜን ከሄደ ዓመት አልፎታል፤ ደብዳቤው ከተቋረጠ ደግሞ አምስት ወር።

በሩ ሲከፈት ገባን። ወረፋ ይዘው የነበሩት ሰዎች አይተውን መንገድ ለቀቁ። ከመስታወቱ ኋላ ሁለተኛዋ ሚስት ተቀምጣለች። ልጠላት ቆርጬ ነበር የመጣሁት፤ ደግሞ ቆንጆ ሆና አናደደችኝ። ጸጉሯን አጎፍራ፣ ከንፈሯን ቀለም ነክታ፣ ከእማማ በሠላሳ ዓመት ታንሳለች። ጣቶቿን አየሁ። ጫፋቸው ወይን ጠጅ ነው። የአባባ እንሶስላ!

«ደኅና አደርሽ ልጄ?» አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ።

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ። ምን ልታዘዝ?»

«ቤተሰብ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው።» ዓይኗ ወደ እናቴ ነጠላ ሄደ።

«ውሃ ጠጥተሻል? እስኪ ውሃ አምጡላት።» ዘበኛው ሮጦ አመጣ፤ ጋሽ ገብረጻድቅ ቀጠሉ። «ልጄ፣ ይህች ዓለም ጣቢያ ናት። አንዱ ይወርዳል፣ አንዱ ይሳፈራል። ባቡሩ ግን አይቆምም።»

አቻምየለሽ ማኅተሙን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚሉት?»

«አንቺ ጠንካራ ልጅ ነሽ። እጁን ይዘሽው ኖረሻል። ላንቺ ከማንም በላይ...»

እዚህ ላይ አያ ደርዊሽ አልቻለም። በጋቢው ውስጥ እንደ በሬ አጓራ።

«ወንድሜን!» ብላ ጮኸች አቻምየለሽ። «ወንድሜን! ወንድሜን!»

እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ወንበሯ ተገለበጠ፣ ወረቀቱ ተበተነ። ሌሎቹ ሠራተኞች ማሽናቸውን ትተው ሮጠው ያዟት፤ እነሱም ማልቀስ ጀመሩ። ዘበኛው ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ፊቱን አዞረ። ቁጠባ ሊያስገቡ የመጡ እናቶች ለማን እንደሚያለቅሱ ሳይጠይቁ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ባንኩ በሙሉ አለቀሰ። እኔም ወገቤን ይዤ ቆምኩ። ሴት ለባሏ ስታለቅስ እንዴት እንደምትል እናቴ ነግራኛለች፤ ከዚህ በላይ ማስረጃ ምን ያስፈልጋል?

«ይህን ያህል ይወዱት ነበር እንዴ?» አሉ ኦቦ ዱሬሳ ተገርመው።

«በአርባ ዓመት መርዶ ነጋሪነቴ እንዲህ የሚያለቅስ መሥሪያ ቤት አላጋጠመኝም» አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ። ሐዘናቸው ውስጥ ትንሽ የሙያ ኩራት ነበረበት።

ሥራ አስኪያጁ ዕንባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ቀረቡ። «የት ግንባር ነው የወደቀው?»

«ግንባር?» አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ። «ኧረ እቤቱ ነው፣ አልጋው ላይ።»

«መቼ መጣ?»

«የትም አልሄደም። እስከ መጨረሻው ጋሪውን ሲነዳ ነበር።»

«ተሰማ ጋሪ ይነዳ ነበር?»

«ተሰማ ማነው?»

ለቅሶው መሐል ላይ ቆመ። አቻምየለሽ መሬት እንደተቀመጠች ቀና አለች። እኔ ደግሞ ስለ ተሰማ የሰማሁት ያኔ ነበርና ሌላ ባልም አላት ማለት ነው አልኩ። እናቴ ነገሩ ገብቷት ፊቷ ደም መሰለ፤ ዘላ ደብተሩን ከያዘችበት ፕላስቲክ አውጥታ ከፍታ ሰጠቻት።

«አባቴ ነው እህቴ! ሙሀመድሁሴን ነው! ይቅር በይን፣ የኔ እህት፣ ይቅር በይን!»

አቻምየለሽ የነሐስ ቁልፉን አየች። ፊቱን አየች።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን! እሳቸው ናቸው!» ሳቀችም። ደብተሩን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ ዕንባዋ ሳይደርቅ፣ ትከሻዋ እስኪነቀነቅ ሳቀች።

ደሜ ፈላ። ባሏ ሞቶ እግዚአብሔር ይመስገን የምትል ሚስት! አያ ደርዊሽም ማጓራቱን ትቶ አፉን ከፍቶ ቀረ። ግን ብዙ አልቆየም። አቻምየለሽ ያለችው ነገር ለራሷም ተሰማትና አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ እንደገና አለቀሰች፤ በዝግታ፣ ያለ ጩኸት። ይኼኛው በእርግጥ የአባባ ነበር።

«ጣታቸው ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር» አለች። «አሻራቸው ሲወጣላቸው ‹ጎሽ የኔ ልጅ› ይሉኛል። እኔ ነኝ የጻፍኩት ይመስል።»

ጋሽ ገብረጻድቅ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ። ባቡሩ ሰው ላይ ወጥቶባቸዋል። በዕድሜያቸው እንደዚያን ቀን ያፈሩበት የለም።

ወረቀቱ ተሞላ፣ ሽማግሌዎቹ ፈረሙ። ሥራ አስኪያጁ ደብተሩን ወደ መሳቢያ ሊከቱት ሲሉ ነው እኔ ወደ መስታወቱ የተንጠላጠልኩት።

«የአባባን ፊት መልሱ! እማማ አምጪ ብላኛለች! ዓይኗ ደክሟል!»

እናቴ ጎተተችኝ። ሥራ አስኪያጁ ግን ደብተሩን ይዘው ቆሙ። አቻምየለሽን አዩ። እሷም አየቻቸው። ሰውየው መነጽራቸውን አደረጉና ፎቶውን ረጅም ጊዜ መረመሩ።

«ሥራ፣ ጋሪ ነጂ ይላል» አሉ በመንግሥት ድምፅ። «ፎቶው ላይ ያለው ግን የባቡር ሠራተኛ ነው። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ትክክል ያልሆነ ፎቶ መዝገብ ውስጥ ሊቀመጥ አይችልም። አቻምየለሽ፣ ይነሣ።»

አቻምየለሽ በዚያች ባልጠጣቻት ውሃ ወረቀቱን አርሳ፣ በጥፍሯ ቀስ እያለች ላጠችው። በመስታወቱ ቀዳዳ አሳልፋ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። «ለእማማ ስጪ» አለችኝ። ጣቷ ጣቴን ነካ፤ ለስላሳ ነበር። ልጠላት ሞከርኩ፣ አቃተኝ።

ቤት ስደርስ ከጋሪው ዘልዬ ወረድኩና ሮጥኩ።

«እማማ! ይኸው ፊቱ! ጣውንትሽ ነች የላከችልሽ! ካንቺ የበለጠ አለቀሰች፣ ግን እግዚአብሔር ይመስገንም ብላለች፣ ደግሞ ተሰማ የሚባል ሌላ ባል አላት!»

እናቴ ተከትላኝ ገብታ ሁሉንም አስረዳች። እማማ ፎቶውን ዓይኗ ድረስ አስጠግታ ይዛ ሰማች። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ለቅሶ መስሎኝ ነበር። አባባ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ፣ ሐዘንተኛ መሆኗን እያስታወሰች፣ ደግሞ እየረሳች ሳቀች። ስትጨርስ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ያችን ምስኪን አስደነገጥናት» አለች።

ዒዳዋ ባለቀ ማግስት ከዘመድ ቤት ሁሉ አስቀድማ የሄደችው ባንክ ነው፤ እኔ ነኝ መንገድ የመራኋት። ያዘነች አሮጊት በጠዋት ብትገባ ምን እንደሚከተል ስለገባት፣ ከደጃፉ ላይ ሆና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ደኅና ነው! ማንም አልሞተም! ደኅና ነው!» አለች። አቻምየለሽ ከመስታወቱ ኋላ ወጥታ አቀፈቻት። ከዚያ ወዲህ የእድራችን ሰው ባንክ ሲገባ መጀመሪያ «ደኅና ነው!» ይላል፣ ከዚያ ነው ሰላምታው። ጋሽ ገብረጻድቅማ መንገድ ላይ ሆነው ነበር የሚጀምሩት። ጡረታቸውን ለመቀበል በመጡ ቁጥር ባንኩ ከሩቅ ይሰማቸው ነበር።

አምስት ዓመት አለፈ። ከተሰማ ግን ደብዳቤ አልመጣም። እማማ ከሶላት በኋላ እጇን ዘርግታ ስሙን ስትጠራ እሰማ ነበር።

በ1983 ሰኔ፣ ሠራዊቱ ተበትኖ ወታደሩ በየአስፋልቱ በእግሩ ሲመለስ፣ ከወፍጮ ቤት ስመጣ ጋሽ ገብረጻድቅ ክንዴን ያዙኝ። ከኋላቸው ጺሙ የተንጨባረረ፣ ዩኒፎርሙ የተቀደደ ከሲታ ሰው ቆሟል።

«ላጢፋ፣ ተከተይኝ። ምስክር ትሆኝኛለሽ። ይህ ተሰማ ነው፤ ሰዎች ወደ እኔ ልከውት ነው። ‹እኅቴ ድንገት ካየችኝ ልቧ ይቆማል፣ ቀስ ብለው ይንገሩልኝ› አለኝ።» ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «እንዴት ነው የሚነገረው? እኔ እኮ ደግ ወሬ ተናግሬ አላውቅም።»

ሰውየውን በር ላይ አቁመን ገባን።

«ደኅና ነው!» አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ። «ደኅና ነው! ደኅና ነው!»

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ» አለች አቻምየለሽ ቀና ሳትል። አምስት ዓመት የሰማችው ቃል ነው፤ ምን ብሎ ያስደንቃት? ማኅተሟን ትመታለች።

ጋሽ ገብረጻድቅ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ። መጨረሻ ላይ የሚያውቁትን ብቸኛ መግቢያ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ይህች ዓለም ጣቢያ ናት...»

ማኅተሙ አየር ላይ ቀረ። አቻምየለሽ ቀና አለች፤ ደም ከፊቷ ሲሸሽ አየሁት። ጋሽ ገብረጻድቅም አዩት።

«አንዱ ይሳፈራል... አንዱ ይወርዳል...» ድምፃቸው ተሰበረ። «ወርዷል! ልጄ፣ ወርዷል! ተሰማ ወርዷል፣ በር ላይ ቆሟል!»

«ወንድሜን!» ብላ ጮኸች።

ያው ጩኸት ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ የሰማሁት፣ የአባባ መስሎኝ አምስት ዓመት በኩራት ያወራሁለት ጩኸት። ለማን እንደነበር ያን ዕለት በጆሮዬ አወቅኩ። እናቴ ደጋግማ አስረድታኛለች፣ እኔ ነኝ አልሰማ ያልኩት። ዱቄቱን መሬት አስቀምጬ አለቀስኩ።

ቤት ገብቼ ለእማማ ነገርኳት። ተነሥታ እጇን እስከ ክርኗ በሎሚ ታጠበች፣ ንጹሕ ነጠላ አወጣች። ሣጥኑን ከፍታ የአባባን ብልቃጥ አነሣች፤ ከታች ትንሽ ቀርቶ ነበር። አንድ ጠብታ አንገቷ ላይ አደረገች። ፎቶውን ደረቷ ውስጥ ከተተች።

«ወዴት ነው እማማ?»

«ጣውንቴን እንኳን ደስ ያለሽ ልበላት።»

«ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው» አልኳት፤ ለምን እንዳልኩት አላውቅም።

«እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄደ፤ እኔ አንድ ማክሰኞ ብሄድ ምን አለበት?» አለችና ወጣች።